ለእንግዳ የሚከፈት በር፤ መንግሥት ቪዛን ለምንና እንዴት ይሰጣል?

በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ



በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ አካባቢ የሚኖር ሰው በየዓመቱ የሚያየው አንድ ነገር አለ። የበጋው ወራት ገብቶ ቆላው ሲደርቅ፥ ከአፋር ምድርና ከአካባቢው ቆላ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን እየነዱ የቦርከና ወንዝ ወደሚያጠጣው ወደ ጨፋ ሜዳ ይመጣሉ፤ በዚያ ወራት ሣርና ውሃ የሚገኘው በዚያ ስለ ሆነ ነው። እንግዳው ሲመጣ አስተዋይ የሆነ ባለአገር ዝም ብሎ አይመለከትም፤ በሩንም አይዘጋም። ከወዴት መጣችሁ? ከብቱ ምን ያህል ነው? በሽታስ አለበትን? በየትኛው መስክ ትሰፍራላችሁ? እስከ መቼስ ትቆያላችሁ? ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው በወጉ ተጠይቆ መልሱም በእውነት የተመለሰ እንደ ሆነ እንግዳና ባለአገር በሰላም ይሰነብታሉ። ጥያቄው ሲቀር ወይም መልሱ ሐሰት ሲሆን ግን ጠብ ይነሣል።

ዛሬ የምንነጋገርበት ቪዛ የሚባለው ፈቃድ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። የመንደሩ ሽማግሌ በሜዳው ዳር ቆሞ የሚጠይቀውን ጥያቄ መንግሥት በአገር ደረጃ፥ በጽሑፍና አስቀድሞ ይጠይቃል። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው።

ምናልባት፥ «ይህ ጉዳይ የመንግሥትና የባዕድ ሰው ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ለገበሬዎቹና ለነጋዴዎቹ ምን ይረባናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጉዳዩ ወደ ብዙ ሰው ቤት የሚገባ ነው። የባቲን የሰኞ ገበያ ሊያይ የሚመጣው ጎብኚ ለሻይ ቤቱና ለአልጋ ቤቱ ገንዘብ የሚተወው አስቀድሞ ቪዛ ሲያገኝ ነው። ወደ ውጭ አገር ሄዶ የዚያን አገር ዜግነት የተቀበለ ልጃችሁም እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ በሕግ ፊት የሚቆመው እንደ ውጭ አገር ሰው ሆኖ ነው። ስለዚህ የቪዛን ነገር ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ፓስፖርትንና ቪዛን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ፓስፖርት አንድ መንግሥት፥ «ይህ ሰው የእኔ ዜጋ ነው» ብሎ ለዜጋው የሚሰጠው የምስክር ደብተር ነው። ቪዛ ግን እንግዳውን የሚቀበለው አገር መንግሥት፥ «ደብተርህን አይቻለሁ፤ ወደ በሬ ልትቀርብ ትችላለህ» ብሎ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ቃሉም ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የታየ» ማለት ነው። ስለዚህ ፓስፖርቱ ከላኪው፥ ቪዛው ከተቀባዩ የሚገኝ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

አገራችን እንግዳን በጥያቄ መቀበል የጀመረችው ዛሬ አይደለም። የእስልምና ታሪክ ጸሐፍት እንደሚተርኩት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ615 ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰድደው ወደ አክሱም ንጉሥ ወደ ነጃሺ በመጡ ጊዜ፥ የቁረይሽ ሹማምንት ስጦታ አስይዘው መልክተኞችን ላኩና ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ንጉሡ ግን የስደተኞቹን ቃል ሳይሰማ አልፈረደም። አስጠርቶ ጠየቃቸው፤ ጃዕፈር የተባለው አፈ ጉባኤያቸውም ስለ እምነታቸውና ስለ ደረሰባቸው መከራ አስረዳ። ከዚህ በኋላ ንጉሡ ስጦታውን መልሶ እንግዶቹን በምድሩ አኖራቸው። ስለ እንግዳ የሚሰጥ ውሳኔ የእንግዳውን ቃል ከሰማ በኋላ መሰጠት እንዳለበት የሚያስተምር ታሪክ ነው።

ከዚህ የተለየ ምሳሌም አለን። ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለው የፖርቱጋል መልክተኛ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በክብር ተቀመጠ፤ ርስትና ሚስትም ተሰጠው፤ ከአገር ለመውጣት ግን ፈቃድ አላገኘም። በ1512 ዓ.ም. የገባው የፖርቱጋል መልክተኞች ጓድ ከ20 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በዚሁ አገር አገኘው፤ ታሪኩንም ከጓዱ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፎታል። በዚያ ዘመን መግቢያው እንጂ መውጫው የጸና ሕግ አልነበረውም ማለት ነው። ዐፄ ፋሲል ደግሞ በ1620ዎቹ የካቶሊክ ሚስዮናውያንን ከአገር አስወጥተው፥ እንዳይመለሱም በቀይ ባሕር ወደቦች ላይ ከነበሩት የቱርክ ሹማምንት ጋር ተስማምተዋል። በሃይማኖት ምክንያት ብዙ ደም ፈስሶ ስለ ነበር በሩ የተዘጋው ከፍርሃት የተነሣ ነበር።

ወደ አካባቢያችን ስንቀርብ፥ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1830ዎቹ ከባሕር ዳርቻ ወደ አንኮበር የሚወስደውን መንገድ በኬላ ይጠብቁ ነበር። በ1833 መጨረሻ የመጣው የእንግሊዝ መልክተኛ ካፒቴን ሐሪስ እንኳ የንጉሡን ፈቃድ በመንገድ ላይ ጠብቆ ነው ወደ ፊታቸው የቀረበው። በኅዳር 1834 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። በዚያው ዓመት ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ከአንኮበር ተነሥቶ በወሎ በኩል ወደ ሰሜን ሲያልፍ በአንድ የወሎ ባላባት ተይዞ ንብረቱን ተዘረፈ፤ በኋላም ወደ ሸዋ ተመልሶ ሊገባ ቢፈልግ ተከለከለ። የአንዱ ገዥ ፈቃድ በሌላው ገዥ ምድር አይሠራም ነበር፤ የዛሬውም ፈቃድ ዛሬ ጠዋት የተሰጠ ቢሆን ለነገ ማታ የሚያስተማምን አልነበረም። አንድ ሕግ፥ አንድ ማኅተምና አንድ የቀን ገደብ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

በአውሮፓም ቢሆን ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ብዙ ሰው ያለ ፓስፖርት ከአገር ወደ አገር ይዘዋወር ነበር። ጦርነቱ ጥርጣሬን አመጣ፤ ጥርጣሬውም ደብተርንና ማኅተምን አጸና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920 በፓሪስ የተደረገው ጉባኤ ፓስፖርቶች አንድ ዓይነት ቅርጽ እንዲኖራቸው መከረ። በአገራችንም የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ በኋላ፥ በ1950 የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን፥ በ1955 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ስለ ተመሠረቱ የእንግዳው ቁጥር በረከተ። ስለዚህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 የጉዞ ሰነድና ቪዛ አሰጣጥን የሚመለከት አዋጅ ወጣ፤ ይህም በ1995 በኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354 ተተካ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። አዋጁ እንግዶችን እንደ ጉዳያቸው ይለያቸዋል። የመንግሥታት መልክተኛ የዲፕሎማቲክ ቪዛ፥ በዓለም አቀፍ ድርጅት ወይም በተመሳሳይ ሥራ የሚመጣ ልዩ ቪዛ፥ ነጋዴና ባለሀብት የንግድ ሥራ ቪዛ፥ አገር ጎብኚ የቱሪስት ቪዛ፥ ተማሪ የተማሪ ቪዛ፥ ወደ ሌላ አገር የሚያልፍ መንገደኛ የመሸጋገሪያ ቪዛ ያገኛል። ይህ መለያየት በከንቱ የተደረገ አይደለም። ለጉብኝት እመጣለሁ ያለ ሰው ሱቅ ከፍቶ ቢገኝ፥ ጥያቄው የተጠየቀው ለአንድ ነገር፥ መልሱ የዋለው ግን ለሌላ ነገር ሆነ ማለት ነው። ለግጦሽ ብሎ ገብቶ መሬቱን እንደሚያርስ እንግዳ ይቆጠራል።

ማመልከቻው የሚቀርብበት መንገድ ሁለት ነው። የቀደመው መንገድ እንግዳው በሚኖርበት አገር ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ መቅረብ ነው። ሁለተኛው ከሰኔ 2009 ጀምሮ የተከፈተው የኢንተርኔት አሠራር ነው። በዚህ አሠራር ጎብኚው ከቤቱ ሳይወጣ ቅጹን ሞልቶ፥ የፓስፖርቱን ገጽና ፎቶግራፉን ልኮ፥ ዋጋውን ከፍሎ መልሱን በኢሜይል ይቀበላል። የቱሪስት ቪዛ በተለመደው አኳኋን ለ30 ወይም ለ90 ቀን የሚሰጥ ሲሆን፥ ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው መሆን አለበት። አሠራሩ ሲጀመር የሚያገለግለው በአዲስ አበባ ቦሌ አየር ማረፊያ ለሚገቡ ብቻ ነበር። የመንግሥቱን አድራሻ አስመስለው በኢንተርኔት ላይ እጥፍ ዋጋ የሚጠይቁ አታላዮች ስላሉ፥ እንግዳ የሚጠብቅ ቤተሰብ ከኤምባሲ ወይም ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ትክክለኛውን አድራሻ ጠይቆ ቢልክለት መልካም ነው።

ማመልከቻው ከደረሰ በኋላ ምን ይደረጋል? መርማሪው ፓስፖርቱ እውነተኛ መሆኑን፥ የቀረበው ምክንያት ከተጠየቀው የቪዛ ዓይነት ጋር የሚስማማ መሆኑንና እንግዳው ቀድሞ በሕግ የተከለከለ አለመሆኑን ይመለከታል። ለሥራ የሚመጣውን የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በደብዳቤ እንዲደግፈው ይጠይቃል። አዋጁ የሚያስከለክሉትንም ምክንያቶች አስቀምጧል፤ ራሱን የሚረዳበት የሌለውና በሕዝብ ላይ ሸክም የሚሆን፥ የታወቀ ወንጀለኛ፥ አደገኛ ተላላፊ በሽታ ያለበት፥ ሐሰተኛ ማስረጃ ያቀረበ ሰው ሊከለከል ይችላል። ቢጫ ወባ ካለበት አገር የሚመጣ መንገደኛም የክትባት ወረቀት ይጠየቃል። የከብቱ በሽታ በሜዳው ዳር እንደሚጠየቀው ሁሉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸውን ሦስት ነገሮች ለይተን እናስረዳ።

አንደኛ፥ ቪዛ ያገኘ ሰው ሁሉ ገባ ማለት አይደለም። ቪዛ ወደ በሩ ለመቅረብ የተሰጠ ፈቃድ ሲሆን፥ መግቢያውን የሚፈቅደው በአየር ማረፊያው ወይም በድንበሩ ላይ ያለው የኢሚግሬሽን ሹም ነው። ሹሙ የሚያደርገው ማኅተም የመግቢያውን ቀን ያስረዳል። ያለ ተገቢ ሰነድ ሰው ጭኖ የመጣ አየር መንገድ መንገደኛውን መልሶ የመውሰድ ግዴታ ስላለበት፥ ገና ከመነሻው አውሮፕላን ላይ ሳይወጣ ሰነዱ የሚመረመረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛ፥ ቪዛው የሚያገለግልበት ጊዜና በአገር ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አንዱ «እስከዚህ ቀን ግባ» ይላል፤ ሁለተኛው «ከገባህ በኋላ ይህን ያህል ቀን ቆይ» ይላል። እንግዳው መቆየት ቢፈልግ ቀኑ ሳያልፍ ማራዘሚያ መጠየቅ ይገባዋል። ቀኑ ካለፈ ለእያንዳንዱ ቀን መቀጫ ይከፍላል፤ ነገሩም እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል። «ዘመድ ዘንድ ነኝ፤ ማን ይጠይቀኛል» ማለት ሲወጣ በአየር ማረፊያው ዋጋ ያስከፍላል።

ሦስተኛ፥ ቪዛ ለአገር መግቢያ እንጂ ለመንገድ ሰላም ዋስትና አይደለም። በ2013 በሰሜን የተነሣው ጦርነት፥ ከዚያም በኋላ በአማራ ክልል የደረሰው ግጭት ላሊበላንም ሆነ ባቲን ሊያዩ የሚመጡትን እንግዶች አሳንሷል። ማኅተሙ ፓስፖርት ላይ ቢያርፍም መንገዱ ካልታመነ እንግዳ አይመጣም። በሩን የሚከፍተው ሕግ ነው፤ ግቢውን የሚያሳምረው ግን ሰላም ነው።

እንግዲህ በብዙ ቤት ወደሚያሳስበው ነገር እንምጣ። በኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ወድዶ የሌላ አገር ዜግነት የተቀበለ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱ ይቀርበታል። በዚህ ምክንያት ከወሎ ወጥቶ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የኖረው ልጅ ለእናቱ ልጅ ቢሆንም በቦሌ ሹም ፊት የውጭ አገር ሰው ነው። ይህ ለወላጅ ልብ የሚከብድ ቢሆንም ሕጉ መፍትሔ አብጅቶለታል። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ልዩ መታወቂያ እንዲሰጥ አዝዟል። ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ፥ ወይም ከወላጆቹ፥ ከአያቶቹና ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ አገር ዜጋ ይህን መታወቂያ ሊያገኝ ይችላል፤ ኢትዮጵያዊነቱን ትቶ የኤርትራን ዜግነት የያዘ ሰው ግን በዚህ አዋጅ አልተካተተም። መታወቂያው በእጁ ያለ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራል፤ ለመሥራትም የተለየ የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም። ሆኖም ለመምረጥና ለመመረጥ፥ እንዲሁም በመከላከያ፥ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ ሥራ በቋሚነት ለመቀጠር አይችልም።

ስለዚህ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ በውጭ አገር ያለ ወላጅ የራሱን መታወቂያ፥ የልጁን የቀድሞ ፓስፖርትና የልደት ማስረጃ በሣጥን ሊያኖር ይገባል። አያት በጥንቃቄ ያስቀመጠው ወረቀት ነገ የልጅ ልጁን ከቪዛ ጥያቄ ያድነው ይሆናል።

ስደተኛም ከጎብኚ ጋር አንድ አይደለም። ከጦርነት ሸሽቶ ወደ ድንበራችን የሚደርስን ሰው ቪዛህ የት አለ ብሎ መመለስ አይገባም፤ በ2011 የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 የሚመዘገብበትንና የሚጠበቅበትን መንገድ ወስኗል። የነጃሺ ፍርድ በዛሬ ሕግ ውስጥ ሥፍራ አለው ለማለት ይቻላል።

በመጨረሻም ቪዛ የሁለት ወገን ነገር መሆኑን ማስተዋል ይገባል። የኬንያና የጅቡቲ ሰዎች ወደ እኛ፥ እኛም ወደ ኬንያ ያለ ቪዛ የምንሄደው በስምምነት ነው። በ2013 በሞያሌ የተከፈተው የጋራ ድንበር ጣቢያም የሁለቱ አገሮች ሹማምንት መንገደኛውን በአንድ ሥፍራ እንዲያስተናግዱት ታስቦ የተሠራ ነው። የአፍሪካ ኅብረት ጥር 21 ቀን 2010 በአዲስ አበባ የሰዎችን ነጻ ዝውውር የሚመለከት ፕሮቶኮል አጽድቋል፤ ኢትዮጵያም ከጥቅምት 30 ቀን 2011 ጀምሮ አፍሪካውያን ቪዛቸውን ሲደርሱ በቦሌ እንዲያገኙ ፈቅዳ ነበር። እንዲህ ያለው ደንብ ግን እንደ ጊዜው ሊለወጥ ስለሚችል፥ ከጉዞ በፊት ያለውን አሠራር መጠየቅ ከእንግዳውም ከአስተናጋጁም ይጠበቃል።

በሌላው ወገን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛውን ነገር አጠበቀ። ምክንያቱም በአውሮፓ የመቆየት ፈቃድ የሌላቸውን ሰዎች በመመለስ ረገድ በቂ ትብብር አልተደረገም የሚል ነው። ከዚህ የተነሣ በ15 ቀን ያልቅ የነበረው የማመልከቻ ምርመራ እስከ 45 ቀን እንዲቆይ ሆነ፤ ደጋግሞ የሚያስገባው ቪዛም ቀረ። ለሕክምና የሚሄደው ሽማግሌና ለትምህርታዊ ጉባኤ የተጠራው መምህር ያላጠፉትን ጥፋት በጥበቃ ይከፍላሉ። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱም አይተናል፤ ብዙዎቹ የመኖሪያና የሥራ ሰነድ ያልነበራቸው ወይም ጊዜው ያለፈባቸው ነበሩ። በወሎ ብዙ ቤት ይህን ያስታውሳል። ወረቀት የሌለው እንግዳ ደመወዙን ቢከለከል የሚከስስበት፥ ቢገፋም የሚጠጋበት የለውም።

አንባብያን ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? የቪዛ ሕግ መልካምነት የሚታወቀው በጥብቅነቱ ወይም በልልነቱ አይደለም። ጥያቄው አስቀድሞ የታወቀ፥ መልሱ በጊዜው የሚሰጥ፥ ለአንዱ እንዲህ ለሌላው እንዲያ የማይባልበት ሲሆን መልካም ነው። እንግዳው እውነቱን ይናገር፤ የተፈቀደለትን ቀንም ያክብር። ሹሙም ልጁ በሌላ አገር በር ላይ ቆሞ ሊስተናገድ እንደሚወድለት አድርጎ የቀረበለትን እንግዳ ያስተናግድ። እኛም እንግዳ ስንጠራ ደንቡን ጠይቀን እንጥራ፤ ልጆቻችንን ስንልክም ሰነዳቸውን አሟልተን እንላክ። በጨፋ ሜዳ እንግዳንና ባለአገርን አስማምቶ የሚያኖረው በወጉ የተጠየቀ ጥያቄና በእውነት የተመለሰ መልስ እንደ ሆነ ሁሉ፥ በአገርና በአገር መካከልም እንዲሁ ነው።